ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ያለው ሩብ ሰዓት

በስድስት ኪሎ አካባቢ ባለችው ትንሽ ፎቶ ቤቴ ቅዳሜ ጠዋት የሚገጥመኝ ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ወላጆች ከሽሮ ሜዳ ለልጃቸው የአገር ልብስ ገዝተው፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አልብሰውት፣ በዋጋ ክርክርና በፀሐይ ደክመው ቁልቁል ወደ እኔ ይመጣሉ። ልጁ ገና ከደጅ ሳለ የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይይዛል። አባት ሰዓቱን ያያል፤ እናት የልጁን አፍንጫ በሶፍት ትጠርጋለች፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ና ቁም! ካሜራውን እይ! ሳቅ እንጂ!» ይሉታል። ልጁ የሚመልስላቸው በለቅሶ ነው።

ልጁ እምቢ ያለው ፎቶውን እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ፎቶግራፍ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በእናቱ ስልክ ላይ የራሱን ምስል እየፈለገ የሚስቅ ልጅ ነው። እምቢ የሚለው የማያውቀውን ቤት፣ የማያውቃትን ሴት፣ አንገቱን የሚበላውን አዲስ ጥልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዚህም ከዚያም የሚወርድበትን ትእዛዝ ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲነሡለት ራሱ ወደ ካሜራው ይመጣል። ልጅ ሲመጣልኝ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ካሜራ የማልነካው ለዚህ ነው። ወላጆች በመጀመሪያ ሥራ የፈታሁ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ ዋነኛው ክፍል ያ ሩብ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለጥምቀት ሰሞን የመጣ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከእናቱ ኋላ ተደብቆ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያየኝ ነበር። እኔም እሱን ማየት ትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የሌንሱን ክዳን እንደ ሳንቲም በጠርዙ አቁሜ አንከባለልኩት። ክዳኑ ጥቂት ሄዶ ተሽከረከረና ወደቀ። ሁለተኛ ሳንከባልለው ከልጁ ጫማ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ልጁ ቁልቁል ሲያየው ቆየና በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። በአራተኛው ነጠላውን ለቅቆ ነበር፤ በስድስተኛው እፊቴ ተንበርክኮ ክዳኑን በራሱ እጅ በጠርዙ ለማቆም ይታገል ጀመር። ከዚያ ካሜራውን አመጣሁና ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጥልቄ፣ ከሥሩ በእጄ ደግፌ፣ «እስቲ አባባን አንተ አንሣው» አልኩት። አባትየው ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት አባቱን ትኩር ብሎ አየውና «ሳቅ እንጂ!» አለው። አባትየው ከልቡ ሳቀ፤ ልጁም በአባቱ ሳቅ ሳቀ። የዚያን ቀን ቤተሰቡ መርጦ የወሰዳቸው ፎቶዎች በሙሉ ከዚያች ቅጽበት በኋላ የተነሡ ናቸው።

ካሜራ ለትንሽ ልጅ የሚከብድበት አንድ ቀላል ምክንያት አለው፤ ፊትን ይሸፍናል። ልጅ አንድን ሰው ደግ ይሁን ክፉ የሚለየው ፊቱን እያየ ነው፤ እኔ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሣው ግን ያ ያነጋግረው የነበረው ፊት ድንገት ጠፍቶ በቦታው ጥቁር መስታወት ይተካል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስቀምጬ፣ ከልጁ ቁመት ጋር አስተካክዬ፣ እኔ ከጎኑ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጥና ቁልፉን በእጄ ብቻ እጫናለሁ። ልጁ የሚያየው እኔን ነው፤ ካሜራው የሚያየው ልጁን ነው። ዓይኑ ወደ ሌንሱ እንዲመጣ ስፈልግ ጉንጬን ከሌንሱ ጋር አስጠግቼ እጠራዋለሁ።

ስለ መልክ ካነሣሁ አይቀር፣ ሥራ ስጀምር ልብሴ እንዳይቆሽሽ ነጭ ጋውን እለብስ ነበር። ለምን ብዙ ሕፃናት ገና ሲያዩኝ እንደሚያለቅሱ ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ጋውኑን ብታወልቂው ምን ይመስልሻል? ባለፈው ሳምንት ተከትባ ነበር፤ ነጭ የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር ትደነግጣለች» አለችኝ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ልጅቷ 15 ወሯን ገና መድፈኗ ነበር። ጋውኑን አውልቄ በአሮጌ ቢጫ ሹራቤ ስመለስ ልጅቷ እናቷ ደረት ላይ እንደተለጠፈች አየችኝ፤ ወደ እኔ አልመጣችም፤ ለቅሶዋ ግን ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጭ ለብሼ ልጅ አንስቼ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ያስለቀስኳቸውን ልጆች ሳስብ ደግሞ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእኛ ዘንድ ሕፃናት ፎቶ የሚነሡባቸው ቀናት የሚወሰኑት በልጁ ሁኔታ ሳይሆን በቀን ቆጠራ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ፎቶውም የዚያኑ ዕለት ይፈለጋል። ሕፃን የሰው ፊት አይቶ በምላሹ ፈገግ ማለት የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 40 ቀን ስድስት ሳምንት አይሞላም፤ 80 ቀን ግን ከአሥራ አንድ ሳምንት ያልፋል። «እኅቱ በክርስትናዋ ቀን ስትስቅ ነበር፤ እሱ ለምንድን ነው ፊቱን የሚያጨማድደው?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ መልሱ ይኸው ነው። ልጁ ኩርፍተኛ ሆኖ ሳይሆን የፈገግታው ጊዜ ገና ስላልደረሰ ነው። ከወንዱ ሕፃን ፈገግታ መጠበቁን ትቶ የተኛበትን፣ የእናቱን ጣት የጨበጠበትን፣ አንገቱ ላይ የታሰረችውን ማተብ በቅርበት ማንሣት የተሻለ ነው። በሌሊት ተነሥቶ፣ በውኃ ተጠምቆ፣ ቆርቦ የመጣ ሕፃን ደክሞታል፤ ቤት ገብቶ ጠብቶና ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ቢነሣ ለእሱም ለፎቶውም ይበጃል። እንዲህ ያለ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ይህም በግምት ጡት ላይ ሆኖ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት ነው። ከክፍሉ ማዶ ሆኖ መጫወቻ ማንኳኳት ስለዚህ ጥቅም የለውም፤ የእናቱ ፊት በቅርብ ሲመጣለት ግን ዓይኑ ያርፋል።

ከክርስትና ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ልደት ነው፤ ለፎቶ አንሺ ከዚህ የከበደ ቀን የለም። ሕፃን የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው ለይቶ እንግዳን መፍራት የሚጀምረው በስድስትና በስምንት ወር መካከል ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ልጆች አንደኛ ዓመታቸውን ሲይዙ ይህ ፍርሃት ብርቱ ሆኖ ይገኛል። ወላጆች ደግሞ በዚያው ቀን ልጁን ከማያውቀው ሰው ፊት፣ በማያውቀው ቤት፣ ለብቻው በወንበር ላይ አስቀምጠው ዞር ሊሉ ይፈልጋሉ። እኔ የአንድ ዓመት ልጅ ለብቻው እንዲቀመጥ አልጠይቅም። እናቱ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጁ ጉልበቷን ተደግፎ ይቆማል፤ ከእሷ የሚርቅ ከሆነም በራሱ ጊዜ ይርቃል። ልጁን «ስጪኝ» ብዬ ከእቅፏ አልቀበልም። እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትገልጥ፣ ሸፍና ስትገልጥ በሦስተኛው ላይ ልጁ ገና ሳትገልጥ መሳቅ ይጀምራል፤ እኔ የምፈልገው ያችን የመጠበቅ ፊት ነው።

ሁለት ዓመት ላይ ፍርሃቱ ይቀንስና «እምቢ» ይመጣል። ይህ ዕድሜ ብዙ ወላጆችን ያበሳጫል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ልጁ የራሱ ፈቃድ እንዳለው ያወቀበት ዕድሜ ነውና። የሁለት ዓመት ልጅ «ፎቶ እንነሣ?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ የታወቀ ነው። «ቆመህ ነው የምትነሣው ወይስ በርጩማው ላይ ተቀምጠህ?» ሲባል ግን ቆም ብሎ ያስባል። «ቀዩን ጫማ ነው ወይስ ባዶ እግርሽን?» የተባለች ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሳየኛለች። ሁለቱም ምርጫ ለእኔ የሚመቸኝ መሆን አለበት፤ ልጁ የመረጠውን ደግሞ ሳላመነታ መቀበል አለብኝ። ባዶ እግሯን የመረጠችን ልጅ «አይ፣ ጫማሽንማ አድርጊ» ብላ እናቷ ስትመልሳት የተገነባው ሁሉ በአንድ ቃል ይፈርሳል፤ ይህን በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ሳቅ» የሚለው ቃል በፎቶ ቤቴ ውስጥ ከልጁ አፍ ካልሆነ በቀር እንዲነገር አልወድም። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጥናቱ እውነተኛ ሳቅ ከአፍ ጡንቻ ሌላ በዓይን ዙሪያ ያለውንም ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስና ይህኛው ለፈቃድ በቀላሉ እንደማይታዘዝ አሳይቷል። ልጅ «ሳቅ» ሲባል ማድረግ የሚችለው ጥርሱን ማሳየት ነው፤ «ቺዝ» ቢባልም ከንፈሩ ወደ ጎን ይለጠጣል እንጂ ዓይኑ ባለበት ይቀራል። ከአራት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ይህን ጥርስ ማሳየት ለምደውት ይመጣሉ፤ በየቤቱ በስልክ ስንነሣቸው ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ሳቁ እንዲመጣ ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የእኛው ጨዋታዎች ከየትኛውም የተገዛ መጫወቻ ይበልጣሉ። አኩኩሉ ለሦስት ዓመት ልጅ ተወዳዳሪ የለውም። ልጁ ከመጋረጃው ኋላ ይገባል፤ እኔ «አኩኩሉ» ስል «አልነጋም» ይላል፤ ደግሜ ስል ድምፁ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ «ነጋ!» ብሎ ሲወጣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ነው። አምስት ዓመት የሞላቸው ደግሞ እንቆቅልሽ ይወዳሉ። «እንቆቅልሽ» ስለው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ መልሱ ጠፍቶት «አገር ስጠኝ» ስለው፣ የሚሰጠኝን አገር ለመምረጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ጎንደርን ይስጠኝ ወይስ ሐዋሳን እያለ የሚያስብበት ያ ፊት፣ ከዚያም ትልቅ ስጦታ እንደሰጠ ሰው «ጎንደርን ሰጠሁሽ» ሲል የሚታየው ኩራት፣ በየትኛውም ትእዛዝ ሊገኝ አይችልም። ለሌሎቹ ደግሞ መሳሳት ይበቃል፤ የልጁን ጫማ ይዤ «ይሄ የአባባ ጫማ ነው አይደል?» ስል፣ እኔን ለማረም የሚነሣው ልጅ ካሜራ መኖሩንም ይረሳል።

አንድ ነገር ግን በጽኑ እለምናለሁ፤ ልጁን በእኔ አታስፈራሩት። «ዝም ካላልክ ሴትዮዋ ትወስድሃለች»፣ «መርፌ ትወጋሃለች»፣ «አያ ጅቦ ይመጣል» የሚባለው ነገር በቤት ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ወላጆች ሳያስቡት ይናገሩታል። ልጁ እውነት ነው ብሎ ያምናል፤ ሊወስደው ነው ከተባለው ሰው ፊት ቆሞ ደግሞ ፈገግ የሚል ልጅ የለም። ከማስፈራሪያ ይልቅ እውነቱን አስቀድሞ መንገር ይረዳል። ከአንድ ቀን በፊት «ነገ አንዲት ሴትዮ ቤት እንሄዳለን፤ ትልቅ ካሜራ አላት፤ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ አያምም፤ እኔ አጠገብህ ነኝ» የተባለ ልጅ ሲመጣ መብራቱን ራሱ ፈልጎ ያሳየኛል።

ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ሲመጣ ሌላ ችግር አለ። አያት ከግራ ያጨበጭባሉ፣ አክስት ከቀኝ ቁልፍ ታንቃጭላለች፣ አባት ከኋላዬ «ማሙሽ! ማሙሽ! እዚህ!» ይላል። የልጁ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ፎቶው ላይ ሁልጊዜ ወደ ጎን የሚያይ ልጅ ይወጣል። የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት፤ እሱም ራሱን ከካሜራው በላይ ወይም ከአጠገቡ ማድረግ አለበት። አያትን ዝም በሉ ማለት ነውር ስለሆነ እኔ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፤ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ከካሜራው አጠገብ ይቀመጡልኝ፤ ልጁ ከእርስዎ ድምፅ በላይ የሚሰማው የለም» እላቸዋለሁ። ይህን የምለው ለማግባባት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሆኖ አገኘዋለሁ።

የልብሱን ነገር ወላጆች ቀላል አድርገው ያዩታል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ለቅሶ የሚመጣው ግን ከዚያ ይመስለኛል። አዲስ የአገር ልብስ አንገቱ ዙሪያ ያለው ጥልፍ ከውስጥ በኩል ክሩ ሻካራ ነው። ትልቅ ሰው ይችለዋል፤ የሁለት ዓመት ልጅ አንገት ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ይቀላል። ልብሱ ከፎቶው ቀን በፊት አንድ ጊዜ ታጥቦ ቢለሰልስ፣ ከሥሩም ስስ ካናቴራ ቢለበስ ልጁ ማከኩን ይተዋል። የሴቶች ልጆች ሹሩባም እንዲሁ ነው። በፎቶው ዕለት ጠዋት የተሠራ ሹሩባ የራስ ቆዳን ወጥሮ ይይዛል፤ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስላት ግንባሯን በመዳፏ ይዛ «ፀጉሬ አሞኛል» ያለችኝን አልረሳውም። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተሠራ ሹሩባ ላላ ብሎ ይቆያል፤ በፎቶም ያምራል። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ልጁ ቁርሱን በልቶ ገና ሳይደክመው ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቢመጣ ይመረጣል። ከረሜላ ጉንጭን ያሳብጣል፣ ቸኮሌት ነጭ ልብስን ያበላሻል፤ በመካከል የሚቀመስ ቁራሽ ዳቦና ውኃ ይበቃል።

«አትነቃነቅ» የምንለውም ነገር ዘመኑ ያለፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የፈረንሳዊው የዳጌር የፎቶግራፍ አሠራር በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታትም ቢሆን ሕፃን ለማንሣት እናትየዋ ከወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ተሸፍና፣ ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ትይዝ ነበር፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ፎቶዎች ላይ ከሕፃኑ ኋላ የሰው ቅርጽ ያለው መጋረጃ ሲታይ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ዛሬ ማንኛውም ካሜራ በሰከንድ 1/250 እና ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያነሣል፤ ለሚሮጥ ልጅ 1/500 ይበቃል። መሣሪያው ልጁ እንዲደርቅ አይጠይቅም፤ የምንጠይቀው እኛ ነን። እንግዲህ ይሩጥ፣ ይዝለል፣ ይሽከርከር፤ እኔ ልከተለው።

ከመሣሪያ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። ፍላሽ ትንንሾቹን ስለሚያስደነግጥ በመስኮት ብርሃን መሥራት እመርጣለሁ፤ በስልክ የሚያነሣ ወላጅም ልጁን ወደ መስኮት አዙሮ መብራቱን ቢያጠፋ ይበልጥ ያምርለታል። ዋናው ዝቅ ማለት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ወደ 95 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቆመን ከላይ ስናነሣው ራሱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ይሆናል፤ እሱም አንገቱን አቅንቶ ቀና ማለት ይሰለቸዋል። ጉልበት ማጠፍ ያስፈልጋል።

የዲቪ ማመልከቻ ሲከፈት ግን ጨዋታው ሁሉ ጠባብ ይሆናል። አመልካቹ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆቹን ሁሉ፣ አብረውት የማይሄዱትንም ጭምር፣ ከነፎቷቸው ማስገባት ስላለበት የአንድ ወር ሕፃን ሳይቀር ይመጣልኛል። ፎቶው አራት ማዕዘን፣ ከ600 በ600 ፒክስል ያላነሰ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ መደቡ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ራስም ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ የሚይዝ መሆን አለበት፤ የሌላ ሰው እጅ እንኳ መታየት የለበትም። አንገቱ ያልጸና ሕፃን ወንበር ላይ እንዲቀመጥ የሚታገሉ አሉ፤ ይህ ለልጁም አደገኛ ነው። ነጭ አንሶላ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ሕፃኑን በጀርባው ማስተኛት፣ ከመስኮት ብርሃን አጠገብ ሆኖ ከላይ ማንሣት ይበቃል። የእናት ነጠላም ይሆናል፤ ጥለቱ ብቻ ከምስሉ ውጭ ይሁን። ጥላ እንዳያርፍበት እኔ ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል እቆማለሁ። እናት ከእኔ ትከሻ በላይ ሆና እንደ ቤቷ ታናግረዋለች፤ ዓይኑን ሲገልጥ፣ አፉን ሲገጥም፣ በዚያች አንዲት ሰከንድ እጫናለሁ። የሚያለቅስ ከሆነ እናቱ አንሥታ ታጠባዋለች፤ ሌላ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ ከጠባ በኋላ እንመለሳለን። ጡት ጠግቦ ገና ያልተኛ ሕፃን ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተመቸ ነው።

ሌላም የምጠነቀቅበት ነገር አለ። ልጅ ሲያለቅስ አንስቶ፣ ለዘመድ አዝማድ አሳይቶ መሳቅ እንደ ቀልድ ይታያል። ልጁ ግን ያያል፤ ይሰማልም። በለቅሶው የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ሲያይ እጁን ፊቱ ላይ ያደርጋል። «አሁን አልፈልግም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ልጅ ካለም ካሜራውን አስቀምጣለሁ፤ ወላጆቹንም በሌላ ቀን እንዲመጡ እለምናለሁ፤ የተከፈለኝንም እመልሳለሁ። ለገበያዬ ጥሩ እንዳልሆነ የነገሩኝ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን ያለዚያ መሥራት አልችልም።

እንዲህ ከመለስኳቸው አንዷ የአንድ ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ነበረች። ባለቤቷ ጅዳ ነው የሚሠራው፤ ልጁን ከተወለደች ጀምሮ በአካል አላያትም፤ የልደቷን ፎቶ እየጠበቀ ነበር። ኬኩ፣ ፊኛው፣ ከወርቃማ ወረቀት የተሠራው ዘውድ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ አንድ ፊኛ ፈነዳና ልጅቷ ከእናቷ አንገት አልላቀቅ አለች። አንድ ሰዓት ሞከርን። በመጨረሻ እናትየዋ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። ገንዘቧን መለስኩላትና «ረቡዕ ጠዋት ነይ፤ ኬኩንም ዘውዱንም ተዪው፤ ቤት የምትጫወትበትን ነገር ብቻ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ረቡዕ በ3 ሰዓት መጡ። እናትየዋ ከፌስታል ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያና የፕላስቲክ ኩባያ አወጣች። ልጅቷ የቤት ልብሷን ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ባዶውን ኩባያ ታማስል ጀመር። እኔ ከካሜራው አጠገብ ቁጭ ብዬ ምንም አልተናገርኩም። ለረጅም ጊዜ ካማሰለች በኋላ ማንኪያውን አንሥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ እንድጎርስ ወደ እኔ ያዘችልኝ። ያንን አነሣሁ፤ እናትየዋ እዚያው በዋትስአፕ ላከችው። ጥቂት ቆይቶ የባለቤቷ የድምፅ መልእክት መጣ፤ «የኔ እናት፣ ለማን ነው የምታጎርሺው?» ይላል። ልጅቷ ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቆመችና ድምፁ የመጣበትን ለመፈለግ ቀና አለች። ካሜራው በመቆሚያው ላይ ነበር፤ እጄም ቁልፉ ላይ።